ባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት ማቀድ፦ ለምርምርም ለመብራትም

አዳማ ወይም አሸጎዳ ላይ ሠርታችሁ አሁን ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የመጣችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «የነፋስ ማመንጫ እናውቃለን፤ ባሕር ላይ ሲሆን ግን ከየት ነው የሚጀመረው?» የማስተርስ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ያንኑ ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ ሰው በቴሌግራም ከመመለስ አንዴ ልጻፈውና እንገላገል።

ምሳሌዬ ከቨርጂኒያ ቢች በስተምሥራቅ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የቆሙት ሁለት ተርባይኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው 6 ሜጋዋት ናቸው፤ የተተከሉት በ2020 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ፌዴራል ውሃ ላይ ከነሱ በፊት የተተከለ ተርባይን የለም። ሥራቸው ከመነሻው ሁለት ነበር፦ መብራት መስጠት፣ ደግሞም ከጎናቸው ለታቀደው የ176 ተርባይን ፕሮጀክት ትምህርት መሰብሰብ። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን ወይም ፌርፋክስ የምትኖሩ የመብራት ኩባንያው የዶሚኒየን ደንበኞች ከሆናችሁ ነገሩ ኪሳችሁም ገብቷል። ለትልቁ ፕሮጀክት የሚሄደው «ራይደር ኦኤስደብሊው» የሚባለው ክፍያ ከመብራት ሂሳባችሁ ጋር ነው የሚሰበሰበው።

ይህ መመሪያ ለትንሹ ዓይነት ነው። ሁለት ሦስት ተርባይን፣ 25 ሜትር አካባቢ ጥልቀት፣ ግቡ ምርምርና ምርት። ሕጉ የአሜሪካ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ የመሥሪያ ቤቶቹን ስም ቀይሩ፤ ቅደም ተከተሉ ብዙም አይለወጥም።

የሚያስፈልጋችሁ

ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ለምትሠሩት ክፍል፦
- የባሕር ጥልቀት ካርታና የመርከብ እንቅስቃሴ ዳታ። ሁለቱም «ማሪን ካዳስተር» ላይ በነፃ ይገኛሉ።
- የረጅም ጊዜ የነፋስ ዳታ። የአሜሪካ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ያወጣው «ናው-23» ለባሕር ዳርቻዎች የተሠራ ነው።
- በአካባቢው ያሉ ተንሳፋፊ የአየር ንብረት ጣቢያዎች መዝገብ። ለቨርጂኒያ ቢች ጣቢያ ቁጥር 44014 አለ።
- ኪውጂአይኤስ ለካርታ፣ ሳም ለወጪና ለምርት ስሌት፣ ፍሎሪስ ተርባይኖች አንዱ የሌላውን ነፋስ ምን ያህል እንደሚነጥቅ ለማየት። ሦስቱም ነፃ ናቸው።
- ኤክሴል። አዎ፣ አሁንም ኤክሴል።

ለመስክ ሥራ፦
- ተንሳፋፊ ሊዳር፣ ማለትም በሌዘር ነፋስን ወደ ላይ የሚለካ መሣሪያ
- የሰርቬይ መርከብ፣ ከነሶናሩ፣ ከነማግኔቶሜትሩና ከባሕር ወለል በታች ያለውን ንብርብር ከሚያሳየው መሣሪያ ጋር
- የውሃ ውስጥ ድምፅ መቅረጫ
- ሰዎች፦ የባሕር ወለል ጂኦቴክኒክ ባለሙያ፣ የፈቃድ ጠበቃ፣ የባሕር እንስሳት ተመልካቾች፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተቀምጦ የሚነጋገር አንድ ሰው። የመጨረሻውን በጀት ሲያጥር አትቁረጡት።

ደረጃ 1፦ የምርምር ጥያቄውን ከሁሉ በፊት ጻፉ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ተርባይን በመምረጥ ነው። እዚያ አትጀምሩ። ፕሮጀክቱ ምርምርም ምርትም ነው ካላችሁ ምርምሩ መጀመሪያ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ መጨረሻ ላይ በተረፈ ገንዘብ የሚለጠፍ ጌጥ ይሆናል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። «የብረቱ ምሰሶ በሞገድ ምን ያህል ይደክማል?» ብላችሁ ጠየቃችሁ እንበል። መልሱ የሚገኘው ምሰሶው ላይ በተለጠፉ የመወጠር መለኪያዎች ነው። ትልቁ ጫና ያለው ደግሞ ከባሕር ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አሸዋው ውስጥ ነው። ምሰሶው በመዶሻ ተመትቶ ከተተከለ በኋላ አሸዋ ውስጥ ወርዶ መለኪያ የሚለጥፍ ሰው የለም። ስለዚህ መለኪያው ፋብሪካ እያለ መለጠፍ፣ ሽቦው መከለያ ማግኘት፣ የመዶሻውን ምት መቻሉም መረጋገጥ አለበት። ያ ማለት ብረቱን በምታዙበት ውል ውስጥ መጻፍ አለበት። ውሉ ከተፈረመ በኋላ የመጣ ጥሩ ጥያቄ፣ በቃ፣ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ነው።

ከሦስት እስከ አምስት ጥያቄ ያዙ። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ፦ ምን ይለካል፣ የት፣ በሰከንድ ወይም በደቂቃ ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ዳታውን ማን ይጠቀመዋል። «ከመቼ ጀምሮ» የምትለዋን አትዝለሏት። ወፍ፣ ዓሣና የድምፅ ጥናት ከግንባታው በፊት የነበረውን ሁኔታ ይፈልጋል። በፊት ካልለካችሁ በኋላ ምን እንደተለወጠ ማንም አያውቅም።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በካርታ አጣሩ

ኪውጂአይኤስ ክፈቱና ካርታዎቹን ደራርቡ። የማይሆነውን ቦታ እያጠፋችሁ ሂዱ፤ የሚቀረው ምርጫችሁ ነው።

የሚጠፉት፦ የመርከብ መተላለፊያ፣ የወታደር ልምምድ ቀጣና፣ ነባር ኬብሎች፣ የሰመጡ መርከቦች፣ ዓሣ የሚበዛበት ወለል፣ ጥልቀቱ ለመሠረታችሁ የማይመች። ቨርጂኒያ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በር ላይ ትልቅ የንግድ ወደብ አለ፤ ኖርፎክ ላይ በዓለም ትልቁ የባሕር ኃይል ሰፈር አለ፤ ቨርጂኒያ ቢች ራሷ ላይ የጦር አውሮፕላኖች የሚነሱበት ኦሺያና አለ። መከላከያ ሚኒስቴሩን መጨረሻ ላይ የሚያናግር ሰው ካርታውን ሁለቴ ይሠራል።

ከዳርቻ ያለውን ርቀትም አስቡ። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው እስከ 3 የባሕር ማይል ድረስ ውሃው የስቴቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የፌዴራል ነው። ተርባይኑ ፌዴራል ላይ ቢሆንም ኬብሉ የስቴቱን ውሃ አቋርጦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሁለቱም በር ይንኳኳል።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ሊዝ ጠይቁ

የፌዴራሉን የባሕር ወለል የሚያከራየው የባሕር ኢነርጂ አስተዳደር ቢሮ፣ በተለምዶ ቦኤም የሚባለው ነው። ሁለት መንገድ አለ (አዲስ የነፋስ ሊዝ መስጠት ግን ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ቆሟል)። የንግድ ሊዝ በጨረታ ይሸጣል። የምርምር ሊዝ ግን ያለ ጨረታ ለፌዴራል ወይም ለስቴት መሥሪያ ቤት ይሰጣል። የግል ድርጅት ብቻውን ሄዶ «ምርምር ልሠራ ነው» ቢል አይሰጠውም። የስቴት አጋር ያስፈልገዋል።

ቨርጂኒያ ያደረገችው ይህንን ነው። በ2015 የምርምር ሊዙን የያዘው የስቴቱ የማዕድንና ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ገንቢው ዶሚኒየን ሆነ። ቦታው ዶሚኒየን በ2013 በጨረታ ካገኘው የንግድ ሊዝ ጎን ነው። ይህ ጎረቤትነት ብልህ ነው። ትንሹ የሚለካው ነፋስ፣ ሞገድና አሸዋ ትልቁ የሚገጥመው ራሱ ነው። ምርምራችሁን የሚጠቀም ጎረቤት ከሌለ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ሊዝ ማለት የመገንባት ፈቃድ አይደለም። ዕቅዱን እንደገና አቅርባችሁ ማስጸደቅ አለባችሁ፤ ለምርምር ሊዝ «የምርምር ሥራዎች ዕቅድ» ይባላል። ይህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው የጊዜ ሰሌዳው ላይ ዓመት ይጎድለዋል።

ደረጃ 4፦ ነፋሱን ለኩ፣ ከዚያ አስሉ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከዕቅዱ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኘውም የሚያሳጣውም ይህ ክፍል ነው።

ነፋስ ውስጥ ያለው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ያድጋል። እስኪ በቁጥር እንየው። የምሳሌያችን ተርባይን ሮተር፣ ማለትም የሚሽከረከሩት ክንፎች፣ ዲያሜትሩ 154 ሜትር ነው። ራዲየሱ 77 ሆነ፤ የሚጠርገው ስፋት 18,600 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የአየር እፍግታ 1.225 ውሰዱ። ቀመሩ ግማሽ ሲባዛ በእፍግታ፣ ሲባዛ በስፋት፣ ሲባዛ በፍጥነት ኩብ ነው።

በሰከንድ 8 ሜትር ሲነፍስ፦ 5.8 ሜጋዋት።
በሰከንድ 9 ሜትር ሲነፍስ፦ 8.3 ሜጋዋት።

አንድ ሜትር ብቻ ጨምሮ ኃይሉ በ42 በመቶ አደገ። ይህ በነፋሱ ውስጥ ያለው ነው እንጂ የሚገኘው አይደለም። በፊዚክስ ሕግ ማንም ተርባይን ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም። 45 በመቶ ብትወስዱ 2.6 እና 3.7 ሜጋዋት ታገኛላችሁ። ነፋሱ ከዚያ በላይ ሲበረታ የማሽኑ ምርት 6 ሜጋዋት ላይ ይገደባል፤ ስለዚህ አማካይ ፍጥነትን ብቻ ይዞ ማስላት ያሳስታል። የፍጥነቶቹን ሥርጭት በሰዓት ከፋፍላችሁ ተርባይኑ በየፍጥነቱ ከሚሰጠው ኃይል ጋር አባዙ።

ትልቁ ወጥመድ ከፍታ ነው። ተንሳፋፊ ጣቢያዎች የሚለኩት ከውሃው ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። የተርባይኑ እምብርት ግን ከ100 ሜትር በላይ ነው። ከታች ያለውን በቀመር ወደ ላይ መሳብ ይቻላል፣ ግን ባሕር ላይ አየሩ በፀደይ ከውሃው ሲሞቅ ንብርብር ይፈጥራል፤ ቀመሩ ያኔ ይዋሻል። ለዚህ ነው ሊዳር የሚያስፈልገው። የኢነርጂ ሚኒስቴሩ የገዛው ተንሳፋፊ ሊዳር ከቨርጂኒያ ቢች ፊት ለፊት የሠራው ለዚሁ ነበር።

ቢያንስ 12 ወር ለኩ። ስድስት ወር ለክቶ በሁለት ማባዛት አይሆንም፤ ክረምትና በጋ እዚያ የተለያዩ ዓለማት ናቸው። ከዚያ ያንን አንድ ዓመት ከ20 ዓመት የሞዴል ዳታ ጋር አስተያዩት፤ የለካችሁት ዓመት ነፋሻ ወይም ሰነፍ ዓመት ከሆነ ይነግራችኋል።

ለፈጣን ግምት፦ 12 ሜጋዋት ሲባዛ በ8,760 ሰዓት 105,120 ሜጋዋት-ሰዓት ነው። 40 በመቶውን ብታገኙ 42,000 ገደማ። ይህን ቁጥር የሚጽፍ ሁሉ ከጎኑ «ይህን ያህል የማግኘት ዕድሉ 50 በመቶ፣ ይህን ያህል ደግሞ 90 በመቶ» ብሎ ሁለት መስመር ይጻፍ። ባንክ የሚያየው ሁለተኛውን ነው።

ደረጃ 5፦ የባሕሩን ወለል እወቁ

መጀመሪያ መርከቡ በሶናር ይቃኛል፤ ቀጥሎ ማግኔቶሜትር ብረት ይፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ ተርባይኑ በሚቆምበት ነጥብ ላይ ይቆፈራል። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ማግኔቶሜትሩ የሚፈልገው ያልፈነዳ ቦምብም ጭምር ነው። የጦር ልምምድ በነበረበት ባሕር ላይ ሳትፈትሹ መሰርሰሪያ ማውረድ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ቁፋሮውን ለሁለቱም ነጥብ ለየብቻ ሥሩ። «አንድ ኪሎ ሜትር ነው የሚራራቁት፣ አንዱ ይበቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። የጥንት ወንዝ መስመር አሸዋ ሥር ተቀብሮ በመካከላቸው ሊያልፍ ይችላል፤ አንዱ ሥር ጠጣር አሸዋ፣ ሌላው ሥር ለስላሳ ጭቃ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ተርባይንና መሠረት ምረጡ

አሁን ነው ተራው። 25 ሜትር ጥልቀት ላይ ሞኖፓይል፣ ማለትም አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ፣ ቀላሉና የተለመደው ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር ወይም መሬቱ ሲለሰልስ ባለብዙ እግር ብረት ይመጣል። ከ60 ሜትር ካለፈ ተንሳፋፊ ማሰብ ይጀመራል።

በተርባይን መጠን አትደንግጡ። አዳማ አንድ ላይ ያሉት 34 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ናቸው፤ የቨርጂኒያው አንዱ የነሱን አራት ያክላል። የብስ ላይ ክንፉ በመንገድ ኩርባ ማለፍ አለበት። ባሕር ላይ ኩርባ የለም፤ የሚገድባችሁ የመርከቡ ክሬን ነው።

ሁለት ነገር ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ ማሽኑ ለሃሪኬን ተፈትሿል ወይ? የሰሜን ባሕር ማሽን ሁሉ የአትላንቲክን ሃሪኬን አይችልም። ሁለተኛ፣ ምሰሶው ዙሪያ ውሃው አሸዋውን ጠርጎ ጉድጓድ እንዳይቆፍር ድንጋይ ይነጠፋል ወይስ አይነጠፍም? ጉድጓዱ ሲጠልቅ ምሰሶው እንደረዘመ ይቆጠራል፤ መወዛወዙም ይቀየራል። ይህ ራሱ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው።

በተርባይኖቹ መካከል የሮተሩን ሰባት እጥፍ ያህል ተዉ። ለ154 ሜትር ሮተር 1,080 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊትና ኋላ ሆነው ሲሰለፉ የኋለኛው የሚያገኘው የተበጠበጠ ነፋስ ነው።

ደረጃ 7፦ ኬብልና ግሪድ

ኬብሉን እንደ ቀላል የሚያይ ሰው ይበዛል፤ ባሕር ላይ ብዙ የኢንሹራንስ ጥያቄ የሚነሳው ግን ከኬብል ነው። ወለሉ ውስጥ አንድ ሁለት ሜትር ይቀበር፤ አለበለዚያ መልሕቅና የዓሣ መረብ ይጎትተዋል። ዳርቻው ላይ ሲደርስ አሸዋውን አይቆርጡም፤ ከሥሩ አግድም ሰርስረው ያሳልፉታል። የቨርጂኒያው የወጣው ካምፕ ፔንድልተን በሚባለው የስቴቱ ወታደራዊ ይዞታ በኩል ነው፣ በ34.5 ኪሎ ቮልት።

አደራ፦ ኬብሉ ውስጥ የሚገባውን የፋይበር ብዛት ለምርምሩ ጭምር አስልታችሁ እዘዙ። ጥቂት ተጨማሪ ክሮች በፋብሪካ ሲጨመሩ ዋጋቸው ከኬብሉ አንጻር ኢምንት ነው። ከተቀበረ በኋላ ግን 43 ኪሎ ሜትር ባሕር ውስጥ የሚጨምርላችሁ የለም፤ የቪዲዮና የመወጠር ዳታችሁን በጠባብ ገመድ ስትልኩ ትኖራላችሁ።

የግሪድ ጥያቄውን የአካባቢውን ግሪድ ለሚያስተዳድረው ለፒጄኤም ቀድማችሁ አስገቡ። ወረፋው ረጅም ነው። ማመንጫው ደርሶ ማገናኛው ያልደረሰበት ፕሮጀክት ብርቅ አይደለም።

ደረጃ 8፦ የጊዜ ሰሌዳውን ከዓሣ ነባሪውና ከመርከቡ ተነሥታችሁ ሥሩ

ሰሌዳን ከዛሬ ጀምረው ወደ ፊት ይቆጥራሉ። እናንተ ግን ምሰሶው ከሚመታበት ወር ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ከ400 በታች ነው የቀረው። በዚያ ባሕር በቀዝቃዛው ወራት ያልፋል። ለትልቁ የቨርጂኒያ ፕሮጀክት ምሰሶ መምታት የተፈቀደው ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31 ብቻ ነው። የሃሪኬን ወቅት ደግሞ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ሁለቱን ደራርባችሁ እዩ፤ ከሁለቱም ነፃ የሆነ ወር ሜይ ብቻ ነው። ሜይ ካለፈባችሁ ከአውሎ ነፋስ ጋር እየተሽቀዳደማችሁ ነው፤ ኦክቶበር ካለፈ ደግሞ ዓመት ሙሉ ትጠብቃላችሁ።

በባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ መሠረት በድምፅ ለሚደርስ ረብሻ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ብዙ ወር ስለሚወስድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ የቨርጂኒያው ሙከራ ጥሩ ትምህርት አለው። በ2020 አንዱን ምሰሶ ሲመቱ ድርብ የአረፋ መጋረጃ ዘረጉለት፤ ሌላውን ያለ መጋረጃ መቱት። መጋረጃው ማለት ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ የሚተኛ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ነው። ከመርከቡ ላይ በኮምፕሬሰር አየር ሲነፋበት አረፋው እስከ ውሃው ገጽ ይወጣል፤ የመዶሻው ድምፅ አረፋው ላይ ሲደርስ ይሰበራል። የድምፅ መቅረጫዎቹ ሁለቱንም ምቶች ቀረጹ። ሁለት ምሰሶ ብቻ ያለው ፕሮጀክት እንዲህ ዓይነት ንጽጽር የማድረግ ዕድል አንዴ ብቻ ነው ያለው። ጥያቄው አስቀድሞ ባይጻፍ ኖሮ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ይመቱ ነበር፤ ንጽጽር አይኖርም ነበር።

መርከቡስ? የ1920ው ጆንስ አክት በሁለት የአሜሪካ ነጥቦች መካከል ዕቃ የሚያጓጉዝ መርከብ እዚያው አሜሪካ የተሠራ እንዲሆን ያስገድዳል። የተተከለ ምሰሶ እንደ አሜሪካ ነጥብ ይቆጠራል። ስለዚህ የአውሮፓ መርከብ ቨርጂኒያ ወደብ ላይ ክንፍ ጭኖ ምሰሶው ጋ ማውረድ አይችልም። በ2020 ይህንን ያለፉት ዕቃውን ካናዳ ሃሊፋክስ ላይ አከማችተው «ቮል ኦ ቫን» የሚባለው መርከብ ከዚያ እየጫነ እንዲመጣ በማድረግ ነው። ሕጋዊ ነው፣ ግን መንገዱ ረጅም፣ መርከቡም በቀን የሚከራይ ነው። ለትልቁ ፕሮጀክት «ካሪብዲስ» የተባለ መርከብ ቴክሳስ ውስጥ ተሠራ። እናንተ ለሁለት ተርባይን መርከብ አታሠሩም፤ ስለዚህ ከሌላ ፕሮጀክት ጋር መርከብ መጋራት ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሰሌዳው ላይ የአየር ጠባይ የሚበላቸውን ቀናት ጨምሩ። ሠራተኛ በትንሽ ጀልባ ወደ ተርባይን የሚሻገረው ሞገዱ በተለምዶ 1.5 ሜትር እስኪሆን ድረስ ነው፤ ክንፍ የሚነሣው ነፋሱ ሲረጋ ነው። «ቶሎ እንጨርስ» ብሎ ከገደቡ በላይ ሰው ማሻገር እጅና እግር የሚያስቆርጥ ስህተት ነው።

ደረጃ 9፦ የዳታ መብቱን ከመፈረም በፊት አስጽፉ

ተርባይን ሠሪዎች የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌራቸውንና የክንፍ ሞዴላቸውን እንደ ዓይን ብሌናቸው ነው የሚጠብቁት። ውሉ ላይ ካልተጻፈ የምታገኙት የአሥር ደቂቃ አማካይ ብቻ ነው። ለመብራት ሽያጭ ይበቃል። ለድካም ጥናት ግን አይበቃም፤ ብረትን የሚያደክመው በሰከንዶች ውስጥ የሚመጣው መወዛወዝ ነው፣ አማካዩ ደግሞ እሱኑ ይደብቀዋል።

ውሉ ላይ እነዚህ ይግቡ፦ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመዘገባል፤ ሁሉም መለኪያዎች በአንድ ሰዓት ይቀናጃሉ ወይ (የሰዓት ልዩነት ያለው ዳታ ማገናኘት ሲያዩት ቀላል፣ ሲሠሩት መከራ ነው)፤ ዩኒቨርሲቲዎች ምን ማተም ይችላሉ፤ መለኪያ ሲበላሽ ማን በማን ጀልባ ሄዶ ይቀይራል። ለምርምር ሲባል ተርባይኑ እንዲቆም ወይም ፊቱን እንዲያዞር ስታዙ የሚጠፋውን ምርት ማን ይከፍላል? ይህን ያልጻፈ ፕሮጀክት ላይ ተመራማሪውና ኦፕሬተሩ በየወሩ ይጨቃጨቃሉ፤ የሚያሸንፈውም ሁልጊዜ ኦፕሬተሩ ነው።

ደረጃ 10፦ ገንዘቡን በግልጽ አስቀምጡ

የቨርጂኒያው ሙከራ ዋጋ 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ለ12 ሜጋዋት ሲካፈል ለአንድ ሜጋዋት 25 ሚሊዮን ነው። ትልቁ ፕሮጀክት በ2021 ሲገመት 9.8 ቢሊዮን ለ2,600 ሜጋዋት ነበር፤ ለአንድ ሜጋዋት 3.8 ሚሊዮን ገደማ። ከስድስት እጥፍ በላይ ልዩነት! የስቴቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2018 ሙከራውን ሲያጸድቅ የአንድ ኪሎዋት-ሰዓት ዋጋው 78 ሳንቲም እንደሚደርስ በግልጽ ጽፏል።

ለምን እንዲህ ተወደደ? መርከቡ ለሁለትም ለሃምሳም ተርባይን ውቅያኖስ ማቋረጥ አለበት። ሰርቬዩ፣ ፈቃዱ፣ ኬብሉ በተርባይን ቁጥር አይቀንሱም። ስለዚህ ትንሽ ፕሮጀክትን በመብራት ዋጋ ብቻ ለማስረዳት አትሞክሩ፤ ትሸነፋላችሁ። በአንድ ዓምድ ምርቱን፣ በሌላው ዓምድ ትልቁ ፕሮጀክት ከሙከራው የሚያተርፈውን ጻፉ። «የምሰሶው ውፍረት በዚህ ያህል ቢቀንስ በ176 ምሰሶ ይህን ያህል ብረት ይድናል» ዓይነት ስሌት ተቆጣጣሪም ይገባዋል።

ሌላም አለ። የዚሁ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ቅርጽ ለጨረታ ሲወጣ የመጣው ዋጋ ከግምቱ እጅግ በለጠ፤ ጊዜው ሲራዘም በ2016 የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ድጋፉን አነሣ። ድጎማ የቀን ገደብ አለው። ደረጃ 8 ላይ አንድ ወቅት መሳት ማለት የሚሄደው ዓመቱ ብቻ አይደለም፣ ድጎማውም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ደረጃ 11፦ መነቀያውንም ዛሬ አቅዱ

ተርባይን ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢሠራ ነው። ሕጉ የመንቀያውን ዋስትና ከመነሻው ይጠይቃል። ምሰሶው ከወለሉ በታች ተቆርጦ እንዴት እንደሚወጣ፣ ኬብሉ ይነሣ ወይ ይቀመጥ፣ ወጪው ስንት እንደሆነ በዕቅዱ ይግባ። የመለኪያ ሽቦዎቹ የሚያልፉበትን ከፍታም እዚሁ ምልክት አድርጉ፤ የሚቆርጠው ሰው ያመሰግናችኋል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ሞዴል ብቻ ይዞ ያለ መስክ ልኬት የባንክ ሰነድ ማዘጋጀት።
- የከተማውን ሕዝብ በየአዳራሹ ሰብስቦ ዓሣ አጥማጁን መርሳት። ወጥመዱን የሚያስቀምጥበትን ቦታና ወር የሚያውቀው እሱ ነው፤ የሰርቬይ መርከባችሁ ገመዱን ከቆረጠበት በኋላ ማናገር ሰላምታ አይሆንም።
- ሁሉንም መለኪያ አንዱ ተርባይን ላይ መጫን። ሌላኛውም ጥቂት መለኪያ ካልያዘ የለካችሁት የቦታው ጠባይ ይሁን የዚያች አንዷ ማሽን አመል አታውቁም።
- መለዋወጫ መለኪያ አለመግዛት። ጨው ኤሌክትሮኒክስን አይምርም፤ ለውጫዊ ሴንሰሮች ቢያንስ አንድ አንድ ተለዋጭ መጋዘን ውስጥ ይኑር።
- ለወፍና ለሌሊት ወፍ የሚሆነውን ካሜራና ማይክሮፎን ተርባይኑ ከቆመ በኋላ ማሰብ። መድረኩ ላይ ቦታ፣ መብራትና ፋይበር ከዲዛይኑ ጊዜ ጀምሮ መያዝ አለበት።
- የሥራ ማስጀመሪያ ሙከራውንና የምርምር ሙከራውን በአንድ ሳምንት ማጨናነቅ። በዚያ ሳምንት ተርባይኑ የኮንትራክተሩ ነው፤ መለኪያዎቻችሁ ይሠሩ እንደሆነ ብቻ ፈትሹ፣ የእናንተን ሙከራ ርክክቡ ካለቀ በኋላ ጀምሩ።